በካሎላይኔ ስም የተገዛችው ፒክአፕ

ሲድኒ፣ ማውንት ድሩዊት
መጋቢት 4 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

ለተወደድሽው የወንድሜ ሚስት ፉሲ፣

ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያይ አምላክ አንቺንም፣ ማናሴንም፣ ልጆቻችሁንም፣ በጓሮ የሚንጎራደዱትን አሳማዎች ሳይቀር ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርድ ሲመጣ ያጉረመርማል፤ ከእሱ የበለጠ ስለማወራ ግን አይሰማኝም።

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። ደስታዬ ግን ግማሹ እናንተ ዘንድ ቀርቷል፤ እንድትልኩልኝ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የዶሮ ፋብሪካው መዘጋቱን ጽፌልሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ዶሮ ስበልት ኖሬ አንድ ቀን ጠዋት «እናመሰግናለን» ተባልንና ጓንታችንን አወለቅን። ሌሎቹ ሴቶች አለቀሱ። እኔ ሄጄ ኮምፒዩተር ልማር ተመዘገብኩ። አዎ፣ እኔ! ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች መሐል ተቀምጬ ተማርኩ፤ ምስክር ወረቀቴንም በመስታወት አስገብቼ ሰቅዬዋለሁ።

ከዚያ እዚሁ ሰፈራችን ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለ። ከደንበኛው ብዙው የቶንጋና የሳሞአ ሰው ነው፤ መስኮቱ ላይ ግን የእኛን ቋንቋ የሚሰማ የለም። ፈተናውን አለፍኩ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዶኔሊ ትባላለች፤ «ጠዋት በሰዓቱ መድረስ ትችያለሽ?» ብትለኝ «እመቤቴ፣ ዶሮ ጮኾ ቀስቅሶኝ አያውቅም፤ ዶሮን የምቀሰቅሰው እኔ ነበርኩ» አልኳት። እንዴት እንደሳቀች! «ሥራው ያንቺ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዲት ትንሽ ማጣራት ብቻ ቀርታናለች» አለች።

ያቺ ትንሽ ማጣራት፣ ፉሲ! ሰኞ ዕለት ጠርታኝ በሩን ዘጋችው።

«ካሎላይኔ፣ በስምሽ ያልተከፈለ የመኪና ብድር አለ።»

«እኔ መኪና የለኝም! የመጣሁት በአውቶቡስ ነው፤ ትኬቱ ይኸው!»

«ሰማያዊ ፒክአፕ ይላል።»

ያን ጊዜ ትኬቱን ወደ ኪሴ መለስኩት። 

ማናሴ እዚህ እኔ ቤት ሆኖ ሲሠራ ያቺን ፒክአፕ እንደፈለገ ታስታውሻለሽ። ራሱ ሊጠይቀኝ አፍሮ የአክስታችንን ልጅ ላከብኝ፤ እኔም ቋሚ ሥራ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ በስሜ ፈረምኩለት። መኪናዋን መርከብ ላይ ጭኖ ሲሄድ «በየወሩ እልካለሁ» ብሎ ነው የሄደው። እኔ ቤት ቀይሬያለሁ፤ የአበዳሪው ማስጠንቀቂያ አሮጌው ቤት ሲደርስ ከርሟል። ማናሴ መክፈል ያቆመው ገና እንደሄደ ነው።

«የሌላውን ሰው ብድር የምትይዝ ሠራተኛ ስንቀጥር የራሷን እንዴት እንደያዘች እናያለን» አለችኝ ወይዘሮ ዶኔሊ። ክፉ ሴት አይደለችም። ቦታውን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ትጠብቅልኛለች። እስከዚያ ዕዳው ይዘጋ፤ መኪናዋን ማን እንደወሰዳትም ይታወቅ፤ አለበለዚያ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ደግሞስ እዚህ ከተማ ውስጥ ገንዘብ የሚነካ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያጣራው። ይህ በር ከተዘጋ ሁሉም ተዘጋ።

ለማናሴ በቀጥታ አልጽፍለትም። ወንድምና እህት እንዲህ ያለ ነገር አንነጋገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ አንቺ ንገሪልኝ፤ ወይ ይክፈል፣ ወይ ሸጧት ይክፈል፣ «እኔ ነኝ የወሰድኳት» ብሎም አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ተቆጥታለች እንዳትዪው። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ማናሴ ሳቄን ያውቀዋል።

እህትሽ ካሎላይኔ


ኮሎቫይ
ቶንጋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1998

ለክብርት እትዬ ካሎላይኔ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በረከቱን እንደ ዝናብ ያውርድልዎ። እኛ በጸሎትዎ ደህና ነን። ማናሴም ከእግርዎ ሥር ሆኖ ሰላም ይላል። መልሱን ያዘገየው ፖስታ ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሥራ ማግኘትዎን ሰምተን ቤታችን በደስታ ተሞላ። እኛም የምሥራች አለን። ልጃችን፣ ልጅዎ ሲያሌ ልታገባ ነው! ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ እዚሁ ኮሎቫይ። የሙሽራው አባት ዋና ከተማ ውስጥ የጉምሩክ ሹም ናቸው። ትልቅ ቤተሰብ፣ ባለ ስም። እንዳያፍሩብን ቀን ከሌት ምንጣፍ እየሠራን ነው።

ታዲያ እርስዎ ከሌሉ ምን ሠርግ አለ? የልጅቱ ፋሁ እርስዎ ነዎት። የአባት ታላቅ እህት ከላይኛው ምንጣፍ ላይ ሳትቀመጥ ማን አፉን ይከፍታል? የሚዘረጋው ሁሉ የሚዘረጋው ለእርስዎ ነው፤ አልነሳም ካሉም የሚያስነሳዎት የለም። ክብርዎን እኛ እናውቃለን።

ስለዚህ እንደ አቅምዎ ለቀሚሷ ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ጫማ (እግሯ የእርስዎን ያህላል)፣ ለኬኩም ትንሽ ነገር ቢልኩልን።

ስለ መኪናዋ ማናሴ እየጸለየበት ነው።

ታዛዥዎ ፉሲ


ሲድኒ
ግንቦት 3 ቀን 1998

ለተወደድሽው ፉሲ፣

ልጅን ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃ አምላክ ይመስገን። የሲያሌን ነገር ሳነብ እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ቬትናማዊቷ እሳት የተነሳ መስሏት ባልዲ ይዛ መጣች።

ጨርቁንና ጫማውን ልኬያለሁ፤ ጨርቁ ሐር ነው፣ በደንብ አጥቡት። ሲያሌ ምንም አላጠፋችም።

ላቪኒያ፣ ከመዘምራኑ ወፍራሟ፣ ከዚያ በቅርቡ ተመልሳለች። ያቺን ፒክአፕ ገበያ ላይ አይታታለች። ሐብሐብ ጭና፣ በሬዲዮ እየዘፈነች! «ጎማዋ አዲስ ነው፣ ቀለሟም አዲስ ነው፤ የፊት መስታወቷ ላይ ደግሞ በወርቃማ ቀለም ‹የእግዚአብሔር ስጦታ› ተብሎ ተጽፏል» አለችኝ።

እኔ አበዳሪው ሌላ ድርጅት ይመስለኝ ነበር።

ፉሲ፣ ማናሴ እየጸለየበት ከሆነ አምላክ መልስ የሰጠው በጎማ ነው ማለት ነው። ለእኔ ግን ከሐምሌ በፊት በገንዘብ ይመለስልኝ። ወይዘሮ ዶኔሊን በየሳምንቱ እየሄድኩ «ወንድሜ እየጻፈ ነው» እላታለሁ። ውሸት ሲለመድ ጥርስ ያስነክሳል፤ መንጋጋዬ አሞኛል። አሁን የማጸዳው የጥርስ ሐኪም ቤት ስለሆነ ምናልባት በነፃ ያዩልኝ ይሆናል።

ደግሞ ንገሪኝ፣ ምን ምን ትዘረጋላችሁ? የእናታችን ትልቁ ምንጣፍ ይወጣል? ሙሽራዋንስ በምን ታደርሷታላችሁ? የሴት ነገር ነው፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የምጠይቅሽ።

ካሎላይኔ


ኮሎቫይ
ግንቦት 22 ቀን 1998

ለክብርት እትዬ ካሎላይኔ፣

እጅዎን የሰጠ አምላክ እጅዎን አያድርቅብን። ጨርቁ መንደሩን ጉድ አሰኘው። ሲያሌ ጫማውን አድርጋ ቤት ውስጥ ስትዞር ዋለች፤ ማናሴ «ምድር ይሰነጠቃል አውልቂ» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ።

የጠየቁኝን ልንገርዎ፤ እኔም ለማውራት ሰው አጥቼ ነበር። የእናታችሁ ትልቁ ምንጣፍ ይወጣል፤ ዙሪያውን ቀይ ላባ ያለው። ከእሱ ሌላ የመንደሩ ሴቶች ዝናብ ሲጥል ተሰብስበን የሠራናቸው ነጫጭ ምንጣፎች አሉ፣ እንደ ሐር የሚታጠፉ። ከዛፍ ልጥ ቀጥቅጠን የሠራነው ጨርቅ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መንገዱ ይደርሳል። ይህ ሁሉ በፒክአፗ ላይ ተቆልሎ፣ ሲያሌም ከላይ ተቀምጣ፣ በአበባ አጊጣ ትደርሳለች። የሙሽራው ወገን ዓይኑን እንዲያሽ ነው የምንፈልገው።

ሥራ ላይ ስለሆኑና ትኬቱም ውድ ስለሆነ መምጣት እንደማይችሉ እናውቃለን፤ አይጨነቁ። በእርስዎ ቦታ የማናሴ የአጎት ልጅ ሌሲዬሊ ትቀመጣለች። ተነጋግረናል። ለወጉ አንድ ምንጣፍ ትቀበልና ሌላውን «ይብቃኝ» ብላ ትመልሳለች፤ እሱኑም ማታ እንወስድባታለን። እርስዎ በሐሳብ ከእኛ ጋር ይሁኑ።

ለአሳማው መግዣ ካልሆነልዎ ለቆርቆሮ ሥጋው ብቻ ቢልኩልን ይበቃል።

ስለ ሌላው ነገር ለማናሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ልዋሽዎት አልችልም፤ ሳቀ። «እህቴ ባንክ ቤት ምን ትሠራለች? ዶሮ ገንዘብ አስቀማጭ ሆነ እንዴ?» አለና ካቫ ሊጠጣ ሄደ። ቀልዱን ነው። እርስዎም ቀልድ ያውቃሉ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ታዛዥዎ ፉሲ


ሲድኒ
ሰኔ 5 ቀን 1998

ለተወደድሽው ፉሲ፣

ሰላም ለቤታችሁ። የማናሴን ቀልድ ሰማሁ፤ ብቻዬን አውቶቡስ ውስጥ ሳቅኩ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ቦታ ቀየሩ።

ለቆርቆሮ ሥጋው አልላክሁም፤ ይቅር በይኝ። የነበረችኝን ለሌላ ነገር አውያታለሁ። ሌሲዬሊን ሰላም በይልኝ። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ወገቧን ያማታል።

ካሎላይኔ


ኮሎቫይ
ሰኔ 29 ቀን 1998

ለክብርት እትዬ ካሎላይኔ፣

እግዚአብሔር ለሁሉም እንደ ሥራው ይክፈለው። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

እትዬ፣ በክብርዎ አምላክ፣ ምን ብንበድልዎ ነው? ሳይጽፉ፣ ሳያስጠሩ፣ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ወገብዎን እንደ ወጋችን በምንጣፍ ታጥቀው ከታክሲ ሲወርዱ መንፈስ ያየሁ መሰለኝ። ሌሲዬሊ ብድግ አለች። መነሳትማ አለባት! ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ተናጋሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ጥርስ የሌላቸው ሰውዬ፣ ድምፃቸውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ «ፋሁ ባሕር አቋርጣ መጣች! ዘርጉላት!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ምን እናድርግ? ዘረጋን።

የመጀመሪያውን ምንጣፍ ሲቀበሉ እሺ አልኩ። ሁለተኛውንም እሺ። «ይብቃኝ» ይላሉ ብዬ ዓይን ዓይንዎን አያለሁ። እርስዎ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፤ መኪናዋ ላይ ጫኑልኝ» ይላሉ። ነጫጮቹንም «ጫኑልኝ»። የልጥ ጨርቁንም «ጫኑልኝ»። የእናታችሁንም ምንጣፍ! ልጆቹ ሲሸከሙ ላብ አጠመቃቸው። የሙሽራው እናት ጆሮዬ ሥር «እናንተ እህት እንዲህ ታከብራላችሁ?» አሉኝ። «ወጋችን ነው» አልኩ፤ ምላሴን ነክሼ።

ከዚያ ሽማግሌው «ፋሁ ሆይ፣ የቀረሽ ነገር አለ?» አሉዎት። ለወግ ነው እኮ የሚጠየቀው! ማንም አለ ብሎ አያውቅም! እርስዎ ተነስተው ፒክአፗን በእጅዎ መታ አደረጓትና «እቃዬን የተሸከመችልኝ ይህች ነች፤ ከእቃዬ አትለይ» አሉ።

ማናሴ ምን ይበል? ወንድም በእህቱ ፊት፣ በሕዝብ መሐል፣ አፉን ሊከፍት? አንገቱን ደፍቶ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠዎት። እርስዎም ጀርባውን መታ አድርገው «ተባረክ ወንድሜ፣ ዶሮዎቹ ያመሰግኑሃል» አሉት። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። እሱም ሰምቷል።

ሲያሌ ደግሞ ሳቀች! የገዛ ልጄ፣ አበባ እንደደፋች፣ ሆዷን ይዛ! ለእሷ የመኝታዋን ምንጣፎች መልሰውላታል፤ አልክድም። ለሌሲዬሊም አንድ ሰጥተዋታል፤ አሁን ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ወዳጅ ሆናለች።

ማናሴ በሠርግ ልብሱ በእግሩ ነው የገባው። ከሁሉ የባሰው ምስጋናው ነው። የሙሽራው ወገን ባገኘው ቁጥር «እንዲህ ያለ ወንድም አላየንም! መኪናውን! ዓይኑን ሳያሽ!» ይሉታል። በሰማው ቁጥር ምግብ አይወርድለትም። ሐብሐቡ ማሳ ላይ እየበሰበሰ ነው።

ቢያንስ መኪናዋ የት እንደደረሰች ይንገሩን።

ፉሲ


ሲድኒ
ነሐሴ 2 ቀን 1998

ለተወደድሽው ፉሲ፣

ያደረሰኝ አምላክ እናንተንም ያድርስ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ፣ አንዴ ለቬትናማዊቷ እየተረጎምኩ። እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽው! እኔ እዚያ ሆኜ ግማሹን አላየሁም ነበር። የሽማግሌው ድምፅ ከየት እንደመጣ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ጠዋት ቤታቸው ገብቼ ምሳቸውን ይዤላቸው ነበር።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ሁሉንም አስቤ ነው ያደረግኩት፤ ትኬቱን ከዶሮ ፋብሪካ በተሰጠኝ የመጨረሻ ገንዘብ ነው የገዛሁት። አንዲት ቀን እንኳ አልተጸጸትኩም። አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ምሳ በላሁ።

ፒክአፗን ወደብ ላይ ለአንድ ዓሣ ነጋዴ ሸጥኳት። ‹የእግዚአብሔር ስጦታ› የሚለውን ሊፍቀው ፈልጎ ነበር፤ «ተወው፣ አሁን እውነት ሆኗል» አልኩት። ምንጣፎቹን ይዤ ተሻገርኩ። የጉምሩክ ሰዎቹ አንድ በአንድ ዘርግተው ነፍሳት ሲፈልጉ ጥራታቸውን አየሁት፤ እጃችሁ ይባረክ፤ አንዲት ቀዳዳ የለም። እዚህ ያለው የእኛ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ምንጣፍ የተራበ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዘርግቼ ምሳ ሳይደርስ አለቁ። ላቪኒያ የሞላ አዳራሽ ውስጥ በክርን እየተጋፋች ሁለት ገዛች። የእናታችንን ብቻ አልሸጥኩም፤ አልጋዬ ላይ ነው።

በማግስቱ አበዳሪው ድርጅት ሄጄ ዘጋሁት። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ዶኔሊ። የሰጠችኝ ቀን ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

«ተከፍሏል» አልኳት፣ ደረሰኙን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሬ።

ኮምፒዩተሯን አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ካሎላይኔ፣ ‹ተከፍሏል› ይላል። ግን አይፋቅም። ዘግይቶ መከፈሉ መዝገቡ ላይ ዓመታት ይቆያል።»

«እንዴት? ከፍያለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ሕጉ ነው። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰው…»

ፉሲ፣ ያን ጊዜ እናንተን ሁላችሁንም አንድ በአንድ በስማችሁ ረገምኳችሁ፣ በልቤ። ከዚያ እርግማኑ በአፌ መጣ። ተቀምጬ ነገርኳት። ሁሉንም፤ የጸሎቱን፣ የሐብሐቡን፣ የሌሲዬሊን፣ «ጫኑልኝ»ን፣ ቁልፉን በሁለት እጁ። እየነገርኳት እየተነሳሁ አሳየኋት፤ ማናሴ አንገቱን እንዴት እንደደፋ፣ የአንቺንም ፊት። መሳቅ ጀመረች። መነጽሯን አወለቀች። በሩን ከፍታ አለቃዋን በስሙ እያስጠራች «የት ነው? ጥሩት!» አለች፤ ስሙን ገና አልያዝኩትም። ረጅም ሰውዬ መጣ። «ድገሚለት» አለችኝ። ደገምኩለት።

ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማና «ወንድምሽ መኪናዋን ሌላ አገር ወስዶ ደብቆ፣ አንቺ በራሱ እጅ አስመለስሻት?» አለ።

«ሕዝቡም አጨበጨበለት» አልኩ።

«ይህችን ሴት መስኮት ላይ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው» አላት።

ስለዚህ መስኮት ላይ አይደለሁም። የራሴ ጠረጴዛና የራሴ ስልክ አለኝ። የወር ክፍያቸውን ያሳለፉ ሰዎች ጋ የምደውለው እኔ ነኝ፤ ብድር አስመላሽ። ገንዘብ በእጄ ስለማልነካ ስሜ ላይ ያለው ጠባሳ አያግደኝም ብለው ፈረሙልኝ። የማወራበት ሥራ ሰጡኝ፣ ፉሲ! የሚከፈለኝ ለማውራት ነው! ሰዎቹ ስልኩን ሲያነሱ በእኛ ቋንቋ እናታቸውን፣ መንደራቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይዋሻል?

ካሎላይኔ


ኮሎቫይ
መስከረም 20 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

ለክብርት እትዬ ካሎላይኔ፣

ዝቅ ያለውን ከፍ የሚያደርግ አምላክ ለዘላለም የተመሰገነ ይሁን። ሥራዎን በሰማን ጊዜ እንባ ቀረሽ ደስታ ነው የተደሰትነው። በቤተ ክርስቲያንም አስነገርን። ባለፈው ጽሑፌ ቃሌ ከፍ ብሎ ከሆነ የሠርግ ድካም ነው፤ ይርሱት። ማናሴም ከልቡ ይቅር ብሎዎታል።

ሲያሌ ፀንሳለች። በተወለደ ጊዜ ስሙን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎ ክብር ነው።

እትዬ፣ አንድ ነገር። ማናሴ ያለ መኪና እንደ ሴት ቤት ውሏል። አንዲት ያገለገለች ፒክአፕ እዚያው አይቷል፣ በደህና ዋጋ። እርስዎ ደግሞ የብድር ቤት ሰው ነዎት። ለሠራተኛ በቅናሽ ያበድራሉ ይባላል። በስምዎ ብቻ ያውጡልን፤ ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም። ማናሴ በየወሩ ይልካል። ምሏል።

ታዛዥዎ ፉሲ


ሲድኒ
ጥቅምት 8 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

ለተወደድሽው ፉሲ፣

የሲያሌን ማኅፀን አምላክ ይባርክ። ስሙን አስቤበታለሁ፤ ለእሷ ለብቻዋ እጽፍላታለሁ።

ጥያቄሽን ቢሮ ውስጥ እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «በስምዎ ብቻ» የሚለው ላይ ስደርስ የወይዘሮ ዶኔሊ ሻይ በአፍንጫዋ ወጣ። እንድደግምላት ለመነችኝ።

መልሱ አይሆንም ነው። ግን እንዲሁ አይሆንም ብዬ አልተውሽም፤ አሁን ይህ ሥራዬ ስለሆነ ሒሳቡን በደንብ አስረዳሻለሁ። በሠርጉ የተቀበልኩት ሁሉ የፋሁነት ድርሻዬ ነበር፤ አንቺ ራስሽ «የሚዘረጋው ሁሉ ለእርስዎ ነው» ብለሻል፤ ሽማግሌውም አውጀዋል፤ ሕዝቡም አጨብጭቧል። ምንጣፎቹ የእኔ ነበሩ። ፒክአፗም የእኔ ነበረች። እንግዲህ የማናሴን ዕዳ የከፈልኩት በገዛ ንብረቴ ነው። ማናሴ ከድርጅቱ ነፃ ነው። ከእኔ ግን አይደለም። ያኔ ያልከፈለው ሙሉው፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም፣ አሁን የእኔ ነው፤ እሱም አንዲት ሳንቲም አልላከም።

ማናሴ መክፈል እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ መኪና የለውም። አዝኜለታለሁ። ወንድምና እህት ስለዚህ ነገር ፊት ለፊት አንነጋገርም፣ ነውር ነው፤ ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ለአንቺ እጽፍልሻለሁ። ሰላምታ አስቀድሜ፣ ጤናችሁን ጠይቄ፣ ልጆቹን መርቄ። ከዚያ «የዚህ ወርስ?» እላለሁ። እስኪያልቅ ድረስ። እሱ ቢሞት ለልጆቹ እጽፋለሁ፤ የእነሱም ፋሁ እኔው ነኝ።

የማስቸኩላችሁ እንዳይመስልሽ። ወር ጠብቄ ደመወዝ የምቀበለው ለዚህ ነው።

በፍቅር፣ ካሎላይኔ